ብቻዬን የጠጣኋት ማኪያቶ

ሕመሙ የጀመረኝ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው። የተጉመጠመጥኩት ውኃ በአፌ ግራ ጥግ ፈሰሰ። ደግሜ ያዝኩት። ደግሞ ፈሰሰ። የግራ ዓይኔም አልከደን አለ። ባለቤቴ ዘነበች አየችኝና ደነገጠች። "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ ፀሐይ እንዳይነካኝም በሩን ዘጋችብኝ።

እኔ መካነ ሰላም ከተማ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነኝ። ዜማ ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚተላለፈው፤ ተማሪ የመምህሩን ድምፅ እንዳለ ይቀበላል። በማግሥቱ "ም" ልል ሞከርኩ። ከንፈሬ አልገጠመም። አፏጨ። መምህርነቴ አለቀ ብዬ ፈራሁ።

ምቹ አልለቅ ሲል ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ "የኔታ፣ እስቲ ሁለቱንም ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሡ" አለኝ። አንዱ ተነሣ፤ አንዱ ቀረ።

"ስትሮክ ቢሆን ግንባርዎ ይታዘዝ ነበር" አለ። "ይሄ ቤልስ ፓልሲ ነው፤ የፊት ነርቭ ሕመም። ቀደም ብለው ቢመጡ ይሻል ነበር፤ ቢሆንም አልረፈደም።"

ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒንና የዓይን ቅባት አዘዘልኝ። ስተኛ ዓይኔን በፕላስተር እንድዘጋ፣ ቀን ቀን ደግሞ መስታወት ፊት ከንፈሬን እንዳሠራው ነገረኝ።

መስታወቱ ፊት ስቀመጥ ነገሩ ሳላስበው ይስበኝ ጀመር። ፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። "ሀ" ደኅና ነው፤ "ለ" ደኅና ነው፤ "መ" ላይ ስደርስ ያፏጫል፤ "በ"ና "ፈ"ም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ዘመን ፊደል ሳስቆጥር ከንፈሬ ምን ያህል እንደሚደክምልኝ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ ጥዬ ደኅናውን ጎኔን ሰጥቼ እቀመጣለሁ።

ከመድኃኒቱ በኋላ ለክትትል አቀስታን አልፈን ደሴ ሄድን፤ ያረፍነው የዘነበች እኅት ቤት ነው። የደሴዋ ሐኪም "ነርቩ እየተመለሰ ነው። አፍዎን አይደብቁት፤ ሰው መሐል ይብሉ፣ ያውሩ" አለችኝ። ማዕድ ሲቀርብ ግን አሁንም "በልቻለሁ" አልኩ። በማግሥቱ ሙዚየም አይቼ እዚያው ግቢ ካለው ካፌ ራሴን ልጋብዝ ተነሣሁ።

"ብቻዎን?" አለች ዘነበች። "ኧረ አንቱ፣ ሰው ምን ይላል?"

"የሚያውቀኝ የለም፤ ለዚያ እኮ ነው።"

ሙዚየሙ ውስጥ ሰማዕት በወታደር ሰይፍ ሲሠዋ የሚያሳይ አንድ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ቆምኩ። በእኛ አሣሣል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሥዕሉን የሸፈነው መስታወት ላይ የራሴን መልክ አየሁ፤ እንደ ልማዴ በጎን ቆሜያለሁ፣ የሚታየው አንድ ዓይኔ ብቻ ነው። ከሰማዕቱ አጠገብ ሳይሆን ሰይፍ ከመዘዘው ወታደር ኋላ የተሰለፍኩ እመስላለሁ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ያውም በተጣመመ አፍ።

ካፌው ገብቼ ወደ ግድግዳው የዞረውን ወንበር ወደ ሰዉ አዞርኩት። ቀኑ ፍስክ ስለነበር ማኪያቶ አዘዝኩ። ቤት የምጠጣው በስትሮ ነው፤ እዚህ በስኒው ሞከርኩ። ፈሰሰብኝ፤ ጢሜ ራሰ። አፈርኩ። አስተናጋጇ ሶፍት አምጥታ "አብሽሩ አባቴ፣ ትኩስ ስለሆነ ነው። ሌላ ልድገምልዎት?" አለችኝ። ድገሚኝ አልኳት። ሁለተኛውን እየጠጣሁ ዙሪያዬን ስቃኝ አንድ ጎልማሳ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ሸሚዙ ላይ ያንጠባጥባል፤ ወጣቶቹም ክሬሙን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ይሣሣቃሉ። ሰው ሲበላ ይህን ያህል እንደሚያፈስ ለካ አላውቅም ነበር! ስኒው እስኪደርቅ ድረስ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ማታ ከነዘነበች ጋር ማዕድ ቀረብኩ።

ፊታችሁ ድንገት ከተጣመመ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ስትሮክ መሆን አለመሆኑን የሚለየው እሱ ነው። የማይከደነውን ዓይናችሁን ከአቧራና ከድርቀት ጠብቁ። ዘነበችን፣ ሐኪሞቼን፣ ስሟን ያልጠየቅኋትን አስተናጋጅም አመሰግናለሁ።

አገሬ ተመልሼ ተማሪዎቼ ፊት ተቀመጥኩና ዜማውን አነሣሁት። "ም" ላይ ስደርስ ትንሽ አፏጨ። እነሱም እንደ ልማዳቸው አንዲት ሳያስቀሩ ከነፉጨቱ ተቀበሉኝ። ዛሬ የእኔ ከንፈር ገጥሟል፤ ፉጨቱን ከእነሱ አፍ ለማስወጣት ግን ገና እየታገልኩ ነው። ተመስገን።