የጋሼ ይመር ብቸኛ ፎቶግራፍ

የመካነ ሰላሙ ፎቶ አንሺ ጋሼ ይመር ባለፈው ሰኞ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከወግዲም ከኩታበርም ለቀብራቸው የመጣችሁ ሁሉ፣ ለቅሶው ላይ ከፍ ተደርጎ የተያዘውን ፎቶግራፋቸውን አይታችኋል። ፊታቸው ደብዝዟል፤ ዐይናቸው አይለይም። አንዳንዶቻችሁ ማተሚያ ቤቱን ስትወቅሱ ሰማሁ። ያበላሸሁት እኔ ተማሪያቸው ነኝ።

ከሳዑዲ ይዤው የመጣሁት ዲጂታል ካሜራ፣ ቁልፎቹን ስለምፈራቸው ሻንጣ ውስጥ ወራት ተኝቶ ነበር። ጋሼ ይመር ይህን ሰምተው አስጠሩኝ። የመጀመሪያው ቀን ከላይ ያለችውን ማዞሪያ ነካሁና ፎቶው ድቅድቅ ጨለማ ሆነብኝ። «አብሽሪ፣ አይናከስም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቁልፍ ብቻ ያስነኩኝ ጀመር። ሌላውን ከነካሁ ካሜራውን ነጥቀው መደርደሪያ ላይ ይሰቅሉታል። ቁጣቸው ለጉድ ነበር፤ ግን ከምሳ አያልፍም።

ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች ለፓስፖርት ሲመጡ፣ ጉርድ ፎቶውን አንስተው ከጨረሱ በኋላ «አሁን ደግሞ ለእናትሽ» ብለው አንድ ይጨምሩ ነበር። ያንን ራሳቸው አትመው እናትየዋ ለገበያ ስትወጣ ጠርተው ይሰጧታል። የእኔም እናት ስድስት ዓመት ያየችኝ በዚያ ነው።

እርሳቸው ግን ፎቶ መነሳት አይወዱም። ስልክ የሚያወጣ ሰው ካዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሕመሙ ሲበረታባቸው ግን፣ ሳዑዲ ያለችው ልጃቸው የሺ ፎቶ ላኩልኝ እያለች ስትለምናቸው እሺ አሉ፤ እንዳነሳቸውም እኔን መረጡ።

ያን ቀን ጠዋት በር ላይ ሆነን የሹተር ፍጥነት፣ ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ ሲያስተምሩኝ ነበር። ሚኒባስ ሲያልፍ ተስቦ እንዲታይ ሹተሩን በጣም አዘግይቼው ነበር፤ እንዲያ ሲሆን የሚነቃነቅ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። ገብተን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። እኔ ፍጥነቱን ወደ ቦታው ሳልመልስ አነሳኋቸው። ብርሃኑን ካሜራው ራሱ ስላስተካከለው በትንሿ ስክሪን ደህና መሰለኝ።

«ዐይኔን አጉልተሽ አየሽው?» አሉኝ።

አዎ አልኩ። አላየሁትም ነበር። ሳል ይዟቸው ስለነበር ቶሎ ገብተው እንዲተኙ ብዬ ዋሸሁ። እርሳቸውም አምነውኝ ተነሡ።

ኔትወርክ ጠፍቶ ስለሰነበተ ለየሺ አልላኩትም። በአምስተኛው ቀን አረፉ። መደብዘዙን ያወቅሁት ለለቅሶው በትልቁ ሲታተም ነው። ሌላ ፎቶ አልነበረምና እርሱኑ ያዙት። ማታውን ለየሺ ላክሁላት። ደውላ «የአባባ ዐይን የታለ?» ብቻ አለችኝ።

ጋሼ ይመር፣ ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው በሕይወት ሳለ ነበር። ስንቱን እናት ከልጇ ፊት ጋር አኑረው፣ የራስዎን ልጅ እኔ ባዶ እጇን አስቀረሁብዎ። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ፊት ለፊትዎ ተቀምጫለሁ፤ አሁን ግን ዐይኔን ጨፍኜ ስፈልግዎ የሚመጣልኝ ያው የደበዘዘው ፎቶ ነው። አፈሩ ይቅለልዎ፣ ጋሼ። ዐይንዎ ከእኔም ጠፋ።