በጣት የታየች ታክሲ

ልጅ እያለሁ በኤስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሌባ ቢገባ የሚይዘው አልነበረም። ሰዉ ሁሉ አያ ጥጋቡ ሻይ ቤት ነበርና። አያ ጥጋቡ ቴሌቪዥናቸውን በእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ሳምንቱን ሙሉ በዳንቴል ሸፍነው ያከርሙትና እሁድ ሲደርስ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ይከፍቱታል። ቤቱ ቅርንፉድና እርጥብ ጋቢ ይሸታል። እኛ ልጆች መሬት ላይ፣ ትልልቁ ሰው አግዳሚ ላይ፣ የዘገየው ደግሞ በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር የሚያየው።

የምንጠብቀው አንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ሹፌር፣ ረዳቱ፣ አንዲት ያረጀች ታክሲ። ታክሲዋ ውይይት የሚሏት ዓይነት ናት፤ ተሳፋሪው ከኋላ በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥባታል። እኛ የምናውቀው የደብረ ታቦሩን አውቶቡስና እህል የሚጭነውን የጭነት መኪና ስለነበር ገና ስትታይ እንስቃለን። የሹፌሩ በር በገመድ የታሰረ ነው። መኪናዋ ቆማ ሹፌሩ ገመዱን ሲፈታው በሩ ዘጭ ይላል። ሹፌሩ ምንም እንዳልሆነ ሰው በሩን ያነሳና በብብቱ ይዞት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ቀልዱ ይኸው ነው፤ ቃል የለውም። ሰዉ ግን ሆዱን ይዞ ይንፈራፈር ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዓይናቸው የጠፋው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ዓይነ ማዝ ይዟቸው፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ወግቶ ወግቶ አጠፋው። ድጓ የሚያስተምሩት በቃላቸው ነው፤ ተማሪው አንዲት ዜማ ከሳተ በመቋሚያቸው መሬቱን ኳ ያደርጉታል። እሁድ እሁድ እጃቸውን ይዤ ሻይ ቤት አደርሳቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ወደ ውስጥ አይዘልቁም፣ ደጅ ካለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ። መሪጌታ ቴሌቪዥን ተመለከቱ የሚል ሐሜት ከደብሩ እንዳይደርስ ነው። “ኸረ እኔስ ምን አይቼ ነው የምታማው?” እያሉ በራሳቸው ላይ ይቀልዱ ነበር።

ሹፌሩና ረዳቱ በነገር ሲወራረፉ አባቴ ከማንም በፊት ነበር የሚስቁት፤ ጆሯቸው ፈጣን ነው። የበሩ ጊዜ ሲደርስ ግን ቤቱ በሳቅ ሲናጥ እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። ቃል ይከተል እንደሆነ ብለው ነው። ቃል አይመጣም። ሳቁ ሲበርድ የጀመሯትን ፈገግታ ቀስ ብለው ይሰበስቧታል። እኔ በመስኮቱ በኩል ያን ሳይ ሳቄን አቋርጥ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንዳሳቀን ጠየቁኝ። በሩ ወደቀ አልኳቸው።

“የበር መውደቅ ምኑ ያስቃል? የኛም በር ስንቴ ወድቋል” አሉ።

መንገዱን ሙሉ ሳስረዳ ሄድኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ቀልዱ እየሞተብኝ መጣ፤ ቤት ስንደርስ እኔንም አላሳቀኝም። ያን ቀን ነው ታክሲዋን ልሠራላቸው የቆረጥኩት። አባቴ መጽሐፉን ሁሉ በገበታው፣ በእንጨት ሽፋኑ ለይተው፣ ተማሪውን ሁሉ በራስ ቅሉ ዳብሰው ያውቁታል። ታክሲዋን በጣታቸው ካዩዋት ከሰዉ ጋር እኩል ይስቃሉ ብዬ አሰብኩ። የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከእናቴ የስፌት ዕቃ ስንደዶ ሰርቄ፣ ታክሲዋ ስትታይ ብድግ እያልኩ ከቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ እለካ ጀመር። “ልጅት፣ ገለል በይልን እንጅ! ገላሽ መስታወት መሰለሽ?” እያሉ ከኋላ ይጮሁብኛል። እኔ ግን አንድ እሁድ መብራቷን፣ ሌላ እሁድ ጎማዋን፣ ሌላ እሁድ ጀርባዋን ለክቼ በማሽላ አገዳ ሠራኋት። ሠርቼ ስጨርስ ኩራቴ ሌላ ነበር።

አባቴ ተቀብለው ዳበሷት። ደጋግመው ዳበሷት። “ይች ምንድን ናት?” አሉ። መብራት አልኩ። “ይችስ?” ጎማ። “እንዴት ነው ልጄ፣ መብራቱ ከጎማው የበለጠ?”

በስንደዶ ለክቼው ነው ብዬ ተከራከርኩ። ደግሞም እውነቴን ነበር። መኪናዋ ስትቀርብ ትልቅ፣ ስትርቅ ትንሽ ሆና እንደምትታይ ልብ አላልኩትም። አባቴ አልሳቁብኝም፤ ስንደዶውን ጣይው አሉኝ። “ሹፌሩን ለኪ። ጎማው ከጉልበቱ ይደርሳል ወይስ ከወገቡ? ጣራው ከራሱ ምን ያህል ይርቃል? የነገሩን መለኪያ ከነገሩ ውሰጅ።” ቴሌቪዥን አይተው የማያውቁት ሰው ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚለካ የነገሩኝ እንዲህ ነው።

ሹፌሩን ከወይራ እንጨት በአባቴ የመሃል ጣት ልክ ጠረብኩት። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሁለታችን ሆነ። እሁድ ጥያቄ አስይዘው ይልኩኛል፣ ማታ መልሱን ይቀበሉኛል፣ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እቆርጣለሁ። ለገላዋ የእናቴ የዘይት ቆርቆሮ ሄደ፤ እናቴ ስታውቅ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። “መሪጌታ፣ እርስዎም ከልጅ ጋር ልጅ ሆኑ?” አለች። አባቴ አሮጌ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይነቅሉልኝ ነበር፤ ለጎማው ዘንግ ይሆናል ብለው። ጎማዎቹን ከተበጠሰ ኮንጎ ጫማ ቆረጥኩ። ሁለቱ አግዳሚዎች፣ የተሰነጠቀው መስታወት፣ ጣራው ላይ የተጫነው የዶሮ ቅርጫት፣ አንዱም አልቀረ። በስተቀኝ ያለውን ጎኗን ግን ድራማው አሳይቶን አያውቅም። በግምት ልሥራው ስላቸው “ያላየሽውን አትቁረጭ፤ ልሙጥ ይሁን” አሉኝ። በሩን በክር አሰርኩት። ሹፌሩ የሽቦ ክንድ ነበረው፤ ከብብቱ ሥር በር የሚይዝ።

ሥራው ከጥር እስከ ፋሲካ ወሰደ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ ሻይ ቤት ስንደርስ አባቴ መደቡን አልፈው “ወደ ውስጥ አስገቢኝ” አሉኝ። ታክሲዋ በጋቢያቸው ውስጥ ነበረች። ሰዉ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ አንዳንዱም እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ካልሳቁስ? እዚህ ሁሉ ሰው መሀል ፈገግታቸውን እንደለመዱት ቢሰበስቧትስ?

ድራማው ተጀመረ። ሞተሯ ተንተፋተፈች፣ አስነጠሰች፣ ቆመች። አባቴ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ጣታቸውን ከክሩ ላይ አኖሩ። ከቴሌቪዥኑ የቆርቆሮ ድምፅ ዘጭ ሲል እሳቸውም ክሩን ሳቡት፤ በሩ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ጣቶቻቸው አነሱትና ሹፌሩ ብብት ሥር ሻጥ አደረጉት። ቤቱ ሳቀ፤ አባቴም ሳቁ። ከሰዉ አልቀደሙም፣ አልዘገዩም፣ እኩል ነው የሳቁት። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አጠገባቸው የነበሩት አንድ ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው “መሪጌታ ደግሞ ምን አይተው ነው?” ቢሏቸው፣ አባቴ እንባቸውን እየጠረጉ “እናንተ ያያችሁትን ነዋ” አሉ። እኔ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ደስታ እንደዚያ እንደሚያስለቅስ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አባቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። እኔ አሁን ደብረ ታቦር አስተምራለሁ። በቀደም ዕለት እዚያው ኤስቴ ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ያን ድራማ ስልኩ ላይ አግኝቶት እየሳቀ መጣ። በኛ ጊዜ አንድ እሁድ ያመለጠው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲለምን ነበር የሚከርመው፤ ዛሬ እንደ ልብ ነው። “መጨረሻውን ታስታውሽዋለሽ? ታክሲዋን ምን እንዳደረጓት?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። እንዴት አታውቂም፣ አንቺኮ አንድም እሁድ ቀርተሽ አታውቂም ብሎ ሞገተኝ።

ልክ ነው፤ ቀርቼ አላውቅም። ግን ከዚያች እሁድ ወዲህ አያ ጥጋቡ ቤት ስቀመጥ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ነበር። የማየው ከሰዉ መሀል ታክሲዋን ይዘው የሚስቁትን አባቴን ነበር። ላሳይሽ ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ፤ ተወው አልኩት። ድራማው ከነታክሲዋ፣ ከነሚወድቀው በሯ ተቀድቶ አለ፤ ማንም ሲያሰኘው ከፍቶ ያየዋል። የአባቴን ፊት ግን የቀዳው የለም።