ትሕትናና የመሪጌታ ጾም

የገበሬው የላቀው ልጅ ትሕትና ወሬ አታበዛም። «ይቺ ልጅ አፏን ምን ለጎመው?» ይላል ሰፈሩ። ይበል! እናቷ ከሞተች ወዲህ ያደገችው ከቁጡ አባት ጋር ነው። ላቀው ከእርሻ ሲገባ ቀንበሩን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ሰምታ የቀኑን ጠባዩን ታውቃለች። ቀስ አድርጎ ካስቀመጠው ደክሞታል፤ ከወረወረው ግን ዘወር ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች፤ ለክረምት ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራቸው መጥታ ነው።

ያን ክረምት ኮሌራ ገባ። በሁለት ሳምንት አራት ሰው ተቀበረ፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ የሕክምና ድንኳን ተተከለ። ፍልሰታ በገባ በአምስተኛው ቀን ጧት ደግሞ አያቷን መሪጌታ ቴዎፍሎስን ያዛቸው። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ፣ ተማሪ ቀና ብሎ የማያያቸው ሰው፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ዓይናቸው ጎድጉዶ መደቡ ላይ ተዘረሩ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰብለ ለምለም የሚባለውን የተቅማጥ መድኃኒት ዱቄት በንጹሕ ውኃ በጥብጣ አቀረበች። «መሪጌታ፣ ይህን ቶሎ ቶሎ ካልጠጡ ቀትርን አያልፉም። ከዚያ በቃሬዛ ወደ ድንኳኑ እንወስድዎታለን።»

«ጾም ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም» አሉ።

«ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ!»

ላቀው ጦፈ። «አባቴ፣ ሊሞቱ ነው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉን የኖሩት እርስዎ አይደሉም? እምቢ ካሉ በግድ ነው። በር ላይ ያሉት ተማሪዎች ይግቡና ያንሡልኝ!»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ወደ ታች ሳቡ። ጥግ የቆመችው ትሕትና አየች። ጽዋ መያዝ ያቃተው እጅ የጋቢውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል። ዓይናቸውም ላቀው ላይ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ተኮልኩለው የቆሙበት በር ላይ ነው። ሽታም ነበር። ሁሉም ሸቶታል፤ ያሰበበት ግን የለም። ኧረ ሰው! ጾሙ አይደለም፣ አፍረው ነው። ጋቢው ቢገለጥ ተማሪዎቻቸው የሚያዩትን ፈርተው ነው። ትሕትና ጨነቃት። ይህን አፍ አውጥታ ብትናገር መሪጌታን በቁማቸው ትገድላቸዋለች፤ ዝም ብትል ደግሞ መሞታቸው ነው።

ወደ በሩ ሄደች። «መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ቅኔያችሁን ቁጠሩ ብለዋል። ሲሻላቸው ይሰሙታል» አለቻቸው። ውሸቷን ነው፤ ማንም አላላትም። ተማሪዎቹ እጅ ነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ እርስዎም ይውጡልን።»

«ምን አልሽ?» ላቀው እጁን አነሣ።

ትሕትና ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሰብለ ልጅቷን አየች፣ ጋቢውን አየች፣ ገባት። ጓንትና በረኪና ለትሕትና ሰጥታ ላቀውን ክንዱን ይዛ አስወጣችው።

ትሕትና ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ንጹሕ ልብስ መደቡ አጠገብ አኖረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አባባ፣ በሩ ተዘግቷል። ከእኔ በቀር ሰው የለም፣ እኔም አላይም።»

እያንዳንዷ ደቂቃ ከነፍሳቸው ላይ እየተቀነሰች ነው፤ ትሕትና ግን ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ልጄ... ብቻዬን አልቻልሁም።»

አጠበቻቸው። አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች። «ኩፍኝ ይዞኝ ሳለ ያጠበኝ ማን ነበር? ያኔ ተጸየፉኝ?» አለቻቸው። ልብሱን ካለበሰቻቸው በኋላም ስለ ጾሙ አንዲት ቃል አላነሣችም። እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ ስጪኝ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት ሳስተምር የኖርሁት እኔው ነኝ።»

ቃሬዛው በጓሮ በኩል፣ በበቆሎው መካከል ወጣ። ከፊት የተሸከመው ላቀው ነው፤ በሩ ሥር ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። መሪጌታ አራት ቀን ጉሉኮስ ተደርጎላቸው ዳኑ፤ ዛሬም ተማሪ ይገሥጻሉ። ሰፈሩ «እንዴት አድርጋ ጾም አስፈታቻቸው?» እያለ ጠየቀ። ትሕትና «እኔ ምን አውቄ» ብላ አለፈችው።

በሳምንቱ ላቀው ከእርሻ ገባ። ቀንበሩን አላስቀመጠውም፣ አልወረወረውምም፤ ከትከሻው ወደቀ፤ እሱም በሽታው ይዞት ኖሮ ግድግዳው ሥር ተዘረረ። ትሕትና እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ ሮጠች። ጎረቤቱም ተሯሩጦ በሩን ሞላው፤ ግማሹ «አንሡት!» ይላል፣ ግማሹ «ውኃ!» ይላል። ላቀው ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን ሰብስቦ፣ የጋቢውን ጠርዝ ጨምድዶ ሰዉን አየ። ከዚያ ያ ሲቆጣ ጎረቤት የሚያስደነግጥ ሰው ወደ ልጁ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትሕትና ልጄ፣ ሰው አስወጪልኝ።»