ባልደረባዬ፣ ጋሽ ከየት መጣ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ሰው አንድ ቃል ከአፉ ባወጣ ቁጥር «ከየት መጣ?» ብለው ስለሚጠይቁ ስማቸው ጋሽ ከየት መጣ ሆኖ ቀረ። እርማት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ እኔ ስድስቱን ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አሳልፌያለሁ። እሳቸው ዋናውን ጽሑፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ እኔ ማረሚያውን ወረቀት በጣቴ እየተከተልኩ ስህተት ሳገኝ ጠረጴዛውን መታ አደርጋለሁ። አንድ አፍና አንድ ዓይን ነበርን።

ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ምን እደብቃለሁ፣ ፈሪ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ በዋናው ደረጃ ሲወርዱ ካዩ በጓሮ በር ይዞራሉ። «ሳል እንኳ ቢመጣባቸው ሰውዬው እስኪያልፉ ይውጡታል» እያልን እንስቅባቸው ነበር።

ያ ሰኞ ግን የሳቅ ቀን አልነበረም። የሕፃናት ሽሮፕ መግለጫ አትመን፣ «ግማሽ ማንኪያ» መባል የነበረበት «ማንኪያ» ብቻ ሆኖ ወጣ። መድኃኒት ቤቱ አንድም ሳይሸጥ ደርሶበት ሁሉንም መለሰው። ሥራ አስኪያጁ ግን «ያጠፋው ሰው ዛሬ ይለያል፤ ይባረራል፤ በሕግም ይጠየቃል» ብለው አስነገሩ። ወረቀቱን ያረምነው እኛ ነን። ጋሼ «ግማሽ» ብለው ሲያነቡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጣቴ ግን አልቆመም፤ ልጄ ታማብኝ ሐሳቤ ቤት ነበር።

ተጠርተን በሥራ አስኪያጁ በር ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ከታሰርኩ ልጄን ማን ያስታምማታል?»

እሳቸውም በላብ ተጠምቀዋል። ያም ሆኖ እንደ ልማዳቸው ቃል ውስጥ ገቡ። «ባልደረባ ማለት ዱሮ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አሁን ይኼ የቃል ሰዓት ነው?»

«ስሚኝማ። ዱሮ አብሮ የሚሠራ ማለት አልነበረም። አቤቱታ ያለው ሰው ጌታው ዘንድ ዘው ብሎ አይገባም፤ ባልደረባ ይሰጠዋል። ገብቶ ጉዳዩን የሚናገርለት እሱ ነው። ባለጉዳዩ ደጅ ይቆማል።»

«ውስጥ የሚባለውንስ ይሰማል?»

«የት ሰምቶ! አምኖ መጠበቅ ነው እንጂ።»

ተነሡና የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «እኔ ልግባ፤ አንቺ ቆዪ» አሉኝ። ሊያንኳኩ ያነሡትን እጅ መልሰው አወረዱት። እንደገና አነሡትና ገቡ።

መጀመሪያ እፎይ አልኩ። እፎይታው ግን አልቆየም። በሩ ወፍራም ነው፤ ድምፅ እንጂ ቃል አያሳልፍም። ሥራ አስኪያጁ ጮኹ። የጋሼ ድምፅ እያነሰ እያነሰ ሄደ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ዝምታው ከጩኸቱ ባሰብኝ። እኚህ ጥላቸውን የሚፈሩ ሰው ሲጮህባቸው ምን ይሉ ይሆን? «እኔ አንብቤያለሁ፤ ያላየችው እሷ ናት» ቢሉስ? እውነቱ እኮ እሱ ነው፤ መዋሸት እንኳ አያስፈልጋቸውም። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ነው የቀራቸው። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ምን እል ነበር? መልሱን አውቀዋለሁ።

ስልክ ሲነሣ ሰማሁ። ፖሊስ ሊጠሩ ነው አልኩ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። በሩን በርግጄ ገባሁ። «እሳቸው ናቸው!» አልኩ እየጮህኩ። «ግማሽ የምትለዋን ዘለዋት! አላነበቡልኝም!»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን መልሰው አስቀመጡና ግራ ተጋብተው አዩኝ።

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል? እሳቸውም ያሉኝ ይህንኑ ነው።»

መሬት ብትከፈትልኝ በወደድኩ። ጋሼ አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩና፣ ያ አለቃ ፊት ሁሌ የሚንተባተብ አንደበታቸው ቀጥ ብሎ፣ «ይኸው እሷም መሰከረች። ልጅቷ ጥፋት የለባትም» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ አልመጡም። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ልጄም ድናለች። ቤታቸው ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሄጄ ማንኳኳት ግን እስከ ዛሬ እፈራለሁ።