የግራ ጎኗ ዝገት

እኔ ነገር ቶሎ የሚያሳስበኝ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ «ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ ቀርበህ የምትሞቀው አንተ ነህ» ትለኛለች። መሐል ሜዳን በኅዳር ያየ ሰው አይፈርድብኝም። ግን አንድ ክረምት ላይ ሳቄ ጠፍቶብኝ ነበር፤ የምጽፈውም ስለዚያ ክረምት ነው።

መኪናዬ ፈረንጆች እንደ ቤት የሚኖሩባት ዓይነት ነበረች፤ አልጋ አላት፣ የጋዝ ምድጃ አላት፣ መጋረጃ ሳይቀር አላት። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ሞተሯ እምቢ ሲላቸው ለኔ ትተዋት ሄዱ። ሁለት ወር ሙሉ መንገድ ስመራቸው፣ የማላውቀውን ወፍ ሁሉ ከራሴ ስም እያወጣሁ ስነግራቸው ስለከረምኩ ወደውኝ ነበር መሰለኝ። ሞተሩን አሠራሁት። ስሟን ወደኔ ለማዞር ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ስመላለስ ግን ለራሴም ሌላ ሞተር ሊያስፈልገኝ ነበር።

ብርዷ አይጣል ነው። ላሜራ ምን ይሞቃል? በዚያ ዓመት ለዓመታት ተከልሎ የሚቆየው የጓሳ መስክ ለአጨዳ ተከፍቶ የድርሻዬን ሣር አጭጄ ስለነበር አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከውስጥ የተለበጠውን ኮምፔንሳቶ ፈታሁና፣ በእሱና በላሜራው መሃል ያለውን ክፍተት ግራም ቀኝም ሣሩን፣ ጓሳ የምንለውን፣ ጠቅጥቄ መልሼ ገጠምኩት። የቤታችን ክዳን እሱ ነው፣ ፍራሻችን እሱ ነው፣ ገመዳችን እሱ ነው፤ መኪናን ለምን አያሞቅ? እውነትም ሞቀች። ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራሁ «እስኪ ገብታችሁ ተቀመጡ፣ ፈረንጅ ያላሰበውን አስቤላችኋለሁ» እል ነበር።

አማቴ የወደቁት ሣሩን በጠቀጠቅኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። አማቴ ስል የባለቤቴን አባት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ስላስተማሩ አገሩ በሙሉ የኔታ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ጭናቸው ተሰበረ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አጥንቱን የሚይዝ ብረት ከውጭ አሰሩላቸውና በየወሩ እንዲመለሱ ተቀጠሩ። መቀመጥ አይችሉም፤ መተኛት ብቻ። አውቶቡስ አይሆንም፣ አምቡላንሷ ለወላድ ናት። በመሐል ሜዳ አልጋ ያላት ሌላ መኪና የኔዋ ብቻ ነበረች።

አልጋዋ ከግራ ጎኗ ላይ በሁለት የብረት ማንጠልጠያ የተያዘች ናት። ማንጠልጠያዎቹ የታሰሩት ላሜራና ላሜራ በሚጋጠምበት መስመር ላይ ነው። የኔታ እዚያ ይተኛሉ፤ ባለቤቴ ፊት ለፊታቸው፣ ከቀኙ ግድግዳ ጋር በታሰረች ትንሽ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እኔ እነዳለሁ፣ ወሬ አወራለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት በዚያች በግራዋ መስመር ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ ስቱኮ ሞላሁበት፣ ከትምህርት ቤቱ በር የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። መኪናዋ ሰማያዊ ናት። ባለቤቴ አይታው «እከክ ወጥቶባት ዳማ ከሴ ያሰሩላት መሰለች» አለች። በወሩ እብጠቱ ተመለሰ፤ ሦስት ሆኖ። ደግሜም ሠልሼም ቀባሁ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ጠዋት ስወጣ ከመስመሩ ስር ቀይ ውሃ ወርዶ በቀለሙ ላይ ደርቆ አገኛለሁ። በጨርቅ ጠርጌ እገባለሁ፤ ለማንም አልናገርም።

ሦስተኛው ጉዞ ላይ ጣርማ በር ደርሰን ስናርፍ የኔታ ጠሩኝ። ሲተኙ ጆሯቸው ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው።

«አንተ ልጅ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚፈስ ነገር አለ።»

«ምን ዓይነት ነገር፣ የኔታ?»

«ከተቀደደ ስልቻ እንደሚፈስ ገብስ። ጉድጓድ ስናገኝ ይፈሳል፣ ሜዳ ሲሆን ይቆማል።»

አይጥ ትሆናለች፣ የርስዎን ዜማ ለመማር ገብታ ይሆናል አልኳቸው። አልሳቁም።

«አይጥ ብትሆን ደግ ነበር። አይጥ ትጠግባለች» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ ቀባሁ። አሁን ሳስበው ቀለም ስቀባ የምቀባው ራሴን ነበር፤ አንድ እጅ ለመኪናዋ፣ አንድ እጅ ለልቤ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አልጋዋ በእግር በኩል አንድ ጣት ያህል ዘቀጠች። ያስቀመጡት የውሃ ጠርሙስ ራሱ እየተንከባለለ ይወርዳል። ምን አደረግኩ? ካርቶን አጥፌ ከፍራሹ ስር አስገባሁ። ትንሽ እንኳ አላፈርኩም።

በሐምሌው ቀጠሮ ሐኪሙ ብረቱ የገባበት ቀዳዳ ማመርቀዙን አየ። በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ሐሙስ ቀን፣ ብረቱ መውጣት አለበት አለ፤ ከዚያ ካለፈና መግሉ አጥንት ከገባ እግራቸውን ልናጣው እንችላለን። የኔታ እየሰሙ ነው። ሐኪሙን አመስግነው ወጡ።

ከሐሙሱ በፊት ባለው እሑድ የመኪናዋ የኋላ በር አልዘጋ አለኝ። በትከሻዬ ስገፋው ግድግዳው አብሮ ተነፈሰ። ሰኞ ማለዳ ገበያው ጫፍ ላይ ወዳለው በያጅ ነዳኋት።

በያጁ ቀልድ የማይገባው ሰው ነው፤ ወይም የኔ ቀልድ ብቻ አይገባው ይሆናል። በካቻቢቴው እጀታ ከፊት ጀምሮ እያንኳኳ ሄደ። ላሜራው ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ አልጋዋ ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፤ ከረጢት እንደመምታት ሆነ።

ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ጓሳ አልኩት። ቀና ብሎ ካየኝ በኋላ ካቻቢቴውን ገልብጦ፣ እኔ ባማረ ሁኔታ የቀባሁት ላይ በጣቱ ገፋው። ሳይታገለው እስከ እጀታው ገባ።

ኮምፔንሳቶውን ስንፈታው ሣሩ ጥቁር ሆኗል፣ ሲጨምቁት ውሃ ያንጠባጥባል፣ ዝናብ የገባበት የበግ ጉሮኖ ይሸታል። ከሥሩ የዝገት ቅርፊት ተከምሯል። የኔታ የሰሙት ገብስ እሱ ነበር። በያጁ በቆርቆሮ እየዛቀ አወጣው። ከዚያ የአልጋዋን ማንጠልጠያ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረገው፤ ከነብሎኑ እጁ ላይ ቀረ።

«ስንት ጊዜ ቀባኸው ጋሼ?»

«አራት።»

«ከውጭ?»

«ከውጭ።»

«እንግዲህ አልጋውን የያዘው ቀለሙ ነው። ሰው ይተኛበታል?»

ጓሳ እኮ ቤት ላይ ሃያ ዓመት ይቆያል፣ እዚህ ምን ነካው አልኩት፤ ጥፋቱን ወደ ሣሩ ለማዞር ነው።

«ቤትህ ውስጥ ጭስ አለ፤ ሣሩን የሚያደርቀው እሱ ነው። መኪናህ ውስጥ ያለው የሰው ትንፋሽ ነው» አለኝ።

ያ ነገር እስካሁን ይረብሸኛል። በመስኮቱ ላይ ጤዛ የሚሆነውን ትንፋሻችንን እጅጌዬ እስኪረጥብ እጠርገው ነበር። ሌላው ወደ ግድግዳው ገብቶ ሣሩ ላይ ይተኛል። የምቀልደው እኔ፣ ጸሎት የሚያደርሱት የኔታ፣ የምትስቅብኝ ባለቤቴ፣ በየወሩ የመኪናዋን ብረት ከውስጥ የምንበላው እኛው ነበርን።

በያጁ ሦስት ቀን ሠራ። የበሰበሰውን ቆርጦ አወጣው፣ ጤነኛው ብረት እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ አዲስ ላሜራ በየደ፣ ማንጠልጠያዎቹን ወለሉ ድረስ በሚወርድ ወፍራም ብረት አሰራቸው። ቀዩን የዝገት መከላከያ ቀለም በመገጣጠሚያው ውስጥና ውጭ አጠጣው፤ ሲደርቅ ሰማያዊ ቀባው። እኔ ብሩሽ እንድነካ አልፈቀደልኝም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እጁን በጋዝ እየታጠበ የመኪናዋን የቀኝ ግድግዳም በሣር ሞልቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። ሞልቼዋለሁ አልኩት። ሄዶ በቀኝ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ አንኳኳ። ደግሞ ሊያንኳኳ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

«ዛሬ ከከፈትኩት ሐሙስ አትሄድም» አለ። «ውስጡን አላየሁትም፣ አላውቅም። አንተው ወስን።»

ማታ ቤት ገብቼ ለሁለቱም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርቶኑን ሳይቀር። ባለቤቴ አልሰደበችኝም፤ ተነስታ የአባቷን ብርድ ልብስ አስተካከለች። እሷ ከሰደበችኝ ደህና ነን፤ ዝም ስትል ነው የምፈራው። የኔታ ግን ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«እኔን በታደሰው በኩል አስተኝተህ ልጄን ባልታየው በኩል ልታስቀምጣት ነው?»

ከርስዎ አጠገብ ሌላ መቀመጫ የላትም አልኳቸው። እሳቸው እንግዲያው አልሄድም፣ እግሩም ይቅር አሉ። ተለመኑ፣ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ባለቤቴ ወንበሯን ትታ መሃል ወለሉ ላይ እንደምትቀመጥ፣ ቀኙን ግድግዳ እንደማትደገፍ ቃል ስትገባላቸው ነው እሺ ያሉት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሞላሌ ላይ ዝናብ ያዘን። በጎን መስታወቱ ከቀኙ መስኮት ስር ቀጭን ቀይ መስመር ሲወርድ እያየሁ ነዳሁ። ወሬ አላወራሁም። ከዝግታዬ የተነሳ የተጫነ አህያ እንኳ ቀድሞን አለፈ፤ ነጂው ዘወር ብሎ ሰላም አለን።

በቀጠሯችን ሰዓት ደረስን። የኔታን በቃሬዛ አስገቧቸው፣ ባለቤቴ አብራ ገባች፣ እኔ ግቢው ውስጥ ከመኪናዋ ጋር ቀረሁ። ካቻቢቴ ይዤ ነበር። ብዙ አልቻልኩም፤ የወንበሯን ጎን ኮምፔንሳቶ ፈትቼ እጄን ከተትኩ። ሣሩ እንደ ጭቃ ነው። የወንበሯ ብሎን ምን ላይ እንደታሰረ በጣቴ ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ብረት እየተቆረሰ መዳፌ ላይ ቀረ።

ባለቤቴ በደረጃው ስትወርድ አየኋት። ከነጋ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሏል።

«ወጣ!» አለች ከሩቅ። «አጥንት አልነካም፣ እግራቸው ደህና ነው። ዛሬውኑ ይዛችኋቸው ግቡ ብለውናል፤ መኪናዋን አስጠጋት።»

እጄ እስከ ክርኔ ግድግዳዋ ውስጥ ነበር።