ቦዩ የጠጣው ውሃ

አባቴ የውሃ አባት ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ገደል ወገብ ላይ አንድ ምንጭ አለ፤ የምንጩን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያካፍለው እሱ ነው። ከላይ ያለነው ክርስቲያኖች፣ ከታች ያሉት እስላሞች፣ ሁላችንም ማሳችንን የምናጠጣው በአንድ ቦይ ነበር። አባቴ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥላውን በእግሩ ይለካና "በቃህ፣ ለወንድምህ ልቀቅለት" ካለ የሚከራከረው አልነበረም። እኔ የመጀመሪያ ልጁ ነኝ፤ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ቦይ ሊጠርግ ሲወርድ አብሬው እወርድ ነበር።

አንድ ዓመት በልጉ ጭራሽ ቀረ። ሽማግሌዎቹ "ክረምቱ ይክሰናል" አሉ። ክረምቱም በሰኔ መግባቱ ቀርቶ ሐምሌ ሲጋመስ መጣ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ወጣ። ጉሙ እንደ ወትሮው አንኮበርን ሸፍኖ ይውላል፤ እኛ ዘንድ ግን ጠብ የሚል የለም። የጭን ያህል ይወርድ የነበረው ምንጭ በመስከረም የክንድ ያህል ሆነ፤ በጥቅምት ጣት አከለ።

አባቴ ተራውን አሳጠረው። ሙሉ ቀን የነበረውን ግማሽ ቀን አደረገ፤ ያም አልበቃ ሲል ከግማሹ ቀነሰ። አንድ ጠዋት ከቦዩ መጨረሻ ላይ የሚያርሰው እስላም ወዳጁ መጣ። አብሮ አደጎች ናቸው። ግባ ቢሉት እንቢ ብሎ በር ላይ ቆመ።

"ተራዬ ደርሷል፤ ውሃው ግን አልደረሰም።"

"ከትናንት ጀምሮ ለቅቄልሃለሁ እኮ!"

"ወላሂ ጠብታ አላየሁም። ማሽላው ሊያብብ ነው፤ ዛሬ ካልጠጣ አለቀለት።"

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። "እንግዲያው ሰው ሰብሮታል" አለና ዱላውን አነሳ፤ እኔም አካፋዬን ያዝኩ። ሦስታችን ከምንጩ ጀምረን ቦዩን ተከትለን ወረድን። አባቴ በየማሳው ጫፍ ጎንበስ እያለ የተሸነቆረ ጠርዝ ይፈልጋል፣ አፈሩን በእጁ ይዳስሳል። ማንም አልነካውም። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ውሃው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ በታች ቦዩ ተሰነጣጥቆ አቧራ ሆኗል። ቆመን አየነው። ውሃው ወደ ስንጥቁ ይገባል እንጂ አንድ ጋት ወደፊት አይልም።

አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ምነው ሌባ በሆነ" አለ ቀስ ብሎ። "ሌባ ቢሆን እቀጣው ነበር።"

ወዳጁ አጠገቡ ተቀመጠ። "አላህ ያላመጣውን አንተ ከየት ታመጣለህ?" አለው። እኔ አካፋዬን ይዤ ቆምኩ።

በማግስቱ አባቴ ሰዉን ሰብስቦ ውሃው ለሰውና ለከብት መጠጫ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በመጀመሪያ የደፈነው የራሳችንን ማሳ መግቢያ ነው፤ እናቴ ዘወር ብላ አለቀሰች። ካህናቱ ታቦት አውጥተው ምህላ ያዙ፤ እስላሞቹም ሜዳ ወጥተው ዱዓ አደረጉ። ሰማዩ እንደጠራ ዋለ። ማሽላው ፍሬ ሳይቋጥር ቆሞ ደረቀ። አባቴ ግን በየጠዋቱ ወደ ምንጩ መሄዱን አልተወም።

"ምን ሊያካፍሉ ነው የሚሄዱት?" ትለዋለች እናቴ።

"ቤት ብውልስ ምን እሠራለሁ?" ይላታል።

ወዳጁ በኅዳር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ የተረፉትን ፍየሎች እየነዳ ወደ አዋሽ ወረደ። ሊሰናበተን ሲመጣ አባቴ "ዝናብ ሲመለስ ተመለስ፤ ተራህን ማንም አይወስድብህም" አለው። "ኢንሻአላህ" ብሎ ሄደ።

ዝናቡ በሁለተኛው ክረምት ተመለሰ፤ አመጣጡ ግን የምሕረት አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደው ዶፍ የገደሉን አፈር ንዶ ቦያችንን ጠራርጎ ወሰደው። የሚጠግነው ሰው የለም፤ ግማሹ ተሰዷል፣ ግማሹ ሞቷል፣ በሬውም አልቋል። ውሃው እያጓራ ወደ ቆላ ሲወርድ ቆመን አየነው።

በዚያው ሰሞን አልዩ አምባ ገበያ ላይ አንድ የአሞሌ ጨው ነጋዴ የአባቴን ወዳጅ ሞት ነገረኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት።

"የሞተው አዋሽ ሳይደርስ ነው፣ ደርሶ?" አለኝ።

"አልጠየቅሁም፣ አባዬ" አልኩት።

ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር።