ከወፍጮ ቤት የሚመለሱት ሰዎች

ጊንጪ ውስጥ ከገበያውና ከወፍጮ ቤቱ ወደ ሰፈራችን የሚወስደው መንገድ አንድ ነበር፤ ግራና ቀኙ አረቄ ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ የማስረዳው፣ መንገዱን ያላወቀ ሰው የቀረውን ነገር ስለማይረዳው ነው።

በደርግ ዘመን ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር ጋር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነው፤ እሱ በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። ስለ ወንዝ ሲያስተምር ልጆቹ ውሃው እንዳይነካቸው እግራቸውን የሚሰበስቡ ይመስሉ ነበር። ግን ይጠጣል። አንድ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳውን እንደተደገፈ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ርዕሰ መምህሩ ጠራውና፣ አንድ ጊዜ ከደገመው አምቦ ላለው የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አሳውቆ እንደሚያሰናብተው ነገረው። ከዚያ ወዲያ እንጀራው በአንዲት መለኪያ አረቄ ላይ ተንጠለጠለ።

አምቦ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ለዚህ መርፌ የለኝም አለን። ልንወጣ ስንል እኔን ወደ ጎን ሳበኝና፣ እዚያው እኛ ከተማ፣ በገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጓሮ የሚገናኙ መጠጥ የተዉ ሰዎች እንዳሉ በሹክሹክታ ነገረኝ። ሲነግረኝ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ለምን በሩን ያያል? በአውቶብስ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አሰብኩበት። ያኔ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ያስጠይቃል። ወይ የተከለከለ የጸሎት ስብሰባ ነው፣ ወይ ደግሞ ወሬ ለቃሚዎች ያጠመዱት ወጥመድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጓደኛዬ ግን ወጥመድም ከሆነ አረቄ የሌለበት ወጥመድ ይሻለኛል አለ።

በገበያ ቀን ሄድን። ጓሮው ውስጥ ሰባት ስምንት ሰዎች ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ያወራሉ። የወፍጮው ድምፅ ጨዋታቸውን ይውጠዋል። እኛ ባዶ እጃችንን ነበርን። ሰላምታ እንደሰጠን ወሬያቸውን ወደ እህል ዋጋ አዞሩ። የእህሉ ወሬ ሲረዝምብኝ ነገሩን በሥርዓት ላስጀምረው ብዬ ተነሳሁ፤ አፌም በትምህርት ቤት ስብሰባ የለመደውን አወጣ።

«ጓዶች፣ የዛሬው ውይይታችን ዓላማ...»

አልጨረስኩም። አንዱ አህያዬን ልይ ብሎ ወጣ። ሌላው ተራዬ ደረሰ አለ፤ ተራው የአንዲት ሴትዮ መሆኑን ሁላችንም እያየን ነበር። ጓሮው ባዶ ቀረ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጓደኛዬ፣ «እኔ ስንት ዓመት ስሰክር አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሰው በትኜ አላውቅም» አለኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ስንዴ ይዘን ሄድን። የሁሉም ታላቅ የሚመስሉት ሽማግሌ ከረጢቱን ከፍተው እህሉን በእጃቸው ዘገኑት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«በርሲሳ፣ አንተ ትጠጣለህ?» አሉኝ። መምህር ማለታቸው ነው።

አልጠጣም አልኩ።

«ታዲያ እዚህ ምን ፈለግህ?»

ማስረዳት ስጀምር ጓደኛዬ ቀደመኝ። «አባባ፣ የሱ ችግር ማስረዳት ነው። እንደኔው መተው አቅቶት ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። እሱ እንዲቀመጥ፣ እኔ ከወፍጮው በር እንዳላልፍ ወሰኑ። ስለዚህ ዱቄት እየቦነነብኝ በሩ ላይ ቆምኩ። እነሱ እኔን ይጠረጥራሉ፤ እኔም እነሱን።

ሥራቸውን ያወቅሁት ሲነሱ ነው። ዱቄታቸውን ተሸክመው ያንን መንገድ አብረው ይሄዳሉ፤ በገበያ ቀን ብቻውን የሚመለስ የለም። አዲስ የገባው መሃል ይሆናል፤ የቆዩት በአረቄ ቤቶቹ በኩል ይሄዳሉ። የሁሉም ሰው ስንዴ እስኪፈጭ የሚጠብቁት ለዚህ ነው። ሌላ ምስጢር አልነበራቸውም። እኔ ግን አላመንኩም፤ ከኋላ እየተከተልኩ ወደየትኛው በር እንደሚታጠፉ እጠብቅ ነበር። አንዲት አረቄ ሻጭ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «ዛሬም ቀብር ነው እንዴ? ሬሳውን የት አደረጋችሁት?» ብላ አፌዘችባቸው።

ቤት ስንደርስ ጓደኛዬን አሸተትኩት። በየገበያው አሸትተው ጀመር። በኋላማ ሳልጠይቀው ፊቴ ላይ እፍ ይልብኛል።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት፣ አንድ የገበያ ቀን ከመሃል ወጥቶ በዳር፣ በአረቄ ቤቶቹ በኩል ሲሄድ አየሁት። ደነገጥኩ። ሽማግሌው ሆን ብለው ሊፈትኑት፣ ሊጥሉት ነው አልኩ። ያችው ሻጭ መለኪያ ሞልታ እጇን ዘረጋችለት፤ ክርኑን ልትነካው ደርሳለች። እኔ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ጓደኛዬ መለኪያውን አየው። ትንሽ ቆየበት። ከዚያ ወደ መሃል ዞረ፤ አንድ አዲስ ሰው ከረጢቱን አቅፎ ቆሟል።

«ዛሬ ሰው ይዣለሁ» አላትና የሰውየውን ክንድ ይዞ አለፈ።

ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞረው አዩኝ። «በርሲሳ፣ አንተስ ከኋላ ምን ትጠብቃለህ? ና፣ በዚያኛው በኩል ሁን» አሉኝ። ሄጄ በሌላው ዳር ቆምኩ።

ማታ ቤት ስንገባ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሸተትኩት። እፍ አለብኝ። የተጠበሰ በቆሎ ነበር የሸተተኝ።